ደሴቱ ላይ ሳለሁ የተተከለው ድንኳን

ባሕር አይቼ አላውቅም። ውሃ ከተባለ ጣናን ከዳር ሆኜ ተመልክቻለሁ፤ ጢስ ዓባይ ወርጄ ፏፏቴው ኮቴን አርሶልኝ ተመልሻለሁ፤ ከዚያ በተረፈ የማውቀው ውሃ በክረምት በቢሯችን ጣሪያ ሾልኮ ጠረጴዛዬ ላይ የሚንጠባጠበውን ነው። ይህን ሁሉ የምዘበዝበው አንድ ነገር ለመናገር ነው፤ ባለፈው መጸው የኖርኩት ደሴት ላይ ነበር። አድራሻው ፍኖተ ሰላም ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የአከራዬ የእትዬ አንጓች ግቢ፣ ከበሩ በስተቀኝ ያለው ሰፊ ክፍል።

ሥራዬ የገጠር መሬት መለካት ነው። ሜትር ዘርግቶ፣ ጽፎ መሄድ ይመስላል። የጎጃምን ገበሬ የማያውቅ ሰው እንዲያ ያስባል። ሁለት ጎረቤታሞች ድንበር ላይ ሲቆሙ እኔ መሐላቸው እቆማለሁ፤ አንዱ በአባቱ አጥንት ይምላል፣ ሌላው በታቦቱ ይምላል፣ የሁለቱም ውሻ እኔን ያያል። የሚጣሉበት መሬት አንዳንዴ አንድ በሬ እግሩን ዘርግቶ የማይተኛበት ነው። የለካሁለት ሰው አሳነስክብኝ ብሎ ይቀየመኛል፤ የለካሁበት ደግሞ ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ፊቱን አዙሮ ያልፋል። ስለዚህ ማታ ቤቴ ስገባ መናገር አልወድም። ዝም ብዬ በልቼ ዝም ብዬ መተኛት ነው የምፈልገው። ይህን ጠባዬን ባለቤቴ ዝና ብዙ ዘመን ታገሰችው።

ባለፈው ሐምሌ እህቷ ቡሬ ወለደች። ዝና አራሷን ልትጠይቅ ጓዟን ስትሸክፍ፣ የያዘችው ልብስ ለጥየቃ በዛብኝ፤ ግን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ሻንጣውን ዘግታ ቆም አለችና፣ «ካንተ ጋር ብቻዬን ከምቀመጥ እህቴ ጋ ከሰው ጋር ልቀመጥ» አለችኝ። ሰው እንዲህ ሲባል የሚመልሰው አያጣም። እኔ ግን «ጃንጥላ ያዥ፣ ሊዘንብ ነው» አልኳት። ያዘች፤ ሄደች። አራሷ ከአልጋ ተነሳች፤ ሕፃኑ ክርስትና ተነሳ፤ ዝና ግን ከቡሬ አልተነሳችም።

ቡሬ ሩቅ አገር አይደለም። ማልዶ የወጣ ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ለምሳ ይመለሳል፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ማለቴ ነው። ዘንድሮ መንገዱ ሲከፈት ስልኩ ይዘጋል፣ ስልኩ ሲከፈት መንገዱ ይዘጋል፤ ሁለቱም የተከፈቱ ዕለት ደግሞ እኔ እዘጋለሁ። በመስቀል ደውዬ እንኳን አደረሰሽ አልኳት፤ እንኳን አብሮ አደረሰን አለች፤ ከዚያ አንዳችን የሌላውን ትንፋሽ ስናዳምጥ ካርዱ አለቀ። ደግሜ አልደወልኩም። ሰው ሲጠይቀኝ ደኅና ናት፣ ትመጣለች እላለሁ። ትታኝ ሄደች የሚለውን ቃል ለማውጣት አፌ አልደፈረም።

በዚህ መሐል ከተማውን የሚለቅ አንድ ሰው አሮጌ ላፕቶፕ ሸጠልኝ። ባትሪው ሞቷል፤ ግድግዳ ላይ ካልተሰካ አይበራም። ገመዱ አጭር ነው። የክፍሌ ሶኬት ደግሞ ለምን ዓይነት ፍጡር ታስቦ እንደተሠራ እንጃ፣ ከወለሉ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ነው ያለው። ወንበር ላይ ሆኜ ብሞክር ገመዱ አልደርስ አለ። ስለዚህ ፍራሼን ከአልጋው አውርጄ ወለሉ ላይ አነጠፍኩና እዚያ ላይ ተቀመጥኩ። ጎኔ ሲለምድልኝ እንቅልፌንም እዚያው አደረግኩት።

ላፕቶፑን የገዛሁት የቢሮ ካርታ ቤት ወስጄ ልሠራበት ነበር። ስከፍተው ግን የቀድሞው ባለቤት ሳያጠፋው የቀረ አንድ ትንሽ ሥዕል አየሁ፤ ውሃ የከበበው ኮረብታ። ነካሁት። ወዲያው የውሃ ድምፅ ሰማሁና ጣሪያው ያፈሰሰ መስሎኝ ሳፋ ይዤ ክፍሉን ዞርኩት። የሚያፈስ ቦታ አጥቼ ስመለስ ኮምፒውተሩ ውስጥ አሸዋ ላይ ቆሜያለሁ፤ ባሕሩ ፊቴ ተንጣሏል።

እንቆቅልሽ እየፈቱ የሚሄዱበት ጨዋታ ነው። ተኩስ የለውም፤ መጀመሪያ የወደድኩለት እሱን ነው። ደሴቱ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ነው፤ በፈለግህበት በኩል ትሄዳለህ፣ መንገድ የሚዘጋብህ የለም። ቤቶች አሉ፣ የንፋስ ወፍጮ አለ፣ የውሃ ጉድጓድ አለ፣ ኮረብታው ላይ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ። በሮቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። በየበሩ የድንጋይ ሰሌዳ ተለጥፏል፤ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ጠጠሮች በትክክለኛው ቦታ ከደረደርካቸው በሩ ቀጭ ብሎ ይከፈታል። ትክክለኛውን ቦታ የሚነግርህ አካባቢው ነው፤ የዛፎቹ አቋቋም፣ የመስኮቶቹ አደራደር፣ የደረጃው መታጠፊያ። አተኩሮ ማየት ነው እንጂ ማንንም ማናገር የለም። ልክ ለእኔ የተሰፋ ልብስ ነበር።

የመጀመሪያውን በር ከፍቼ ልገባ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ሰው ቤት ሳይጣሩ አይገባም። «ቤቶች» አልኩ፣ ፍራሼ ላይ ተቀምጬ፣ ለኮምፒውተሩ። መልስ የለም። ትንሽ ቆየሁ፤ ሴትዮዋ ጓሮ ብትሆንስ ብዬ። ደግሜ ተጣራሁና ይቅርታ ጠይቄ ገባሁ። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ኩባያ ተቀምጧል። ጓሮው ውስጥ ጎመን ተተክሏል፣ የሚቀነጥሰው የለም። ከቤቱ ኋላ ያለው ሣር ጉልበት ይደርሳል፤ በአገሩ አንዲት ላም የለችም። እኔ በማውቀው አገር ለእንዲህ ያለ ሣር ሽማግሌ ይቀመጥለታል። እዚህ ማንም ሳይጋጠው፣ ማንም ሳይጣላበት ቆሞ ይወዛወዛል።

ሙያ መጥፎ ነው፤ ደሴት ድረስ ይከተላል። ተዳፋቱን አይቼ እርከን ያስፈልገዋል አልኩ። ድንበር ብፈልግ አጣሁ። ስለዚህ ራሴ በእርምጃ ለካሁትና ካርታ አነሳሁለት፤ አንድ ቀን እንዲያውም የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ሜትር ዘርግቼ ነበር፣ እሱን እለፉት። ካርታውን ኃላፊዬ ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ አየውና የማን ይዞታ ነው አለኝ። ገና አልታወቀም አልኩት። አዋሳኞቹን ጠየቀኝ። በምሥራቅ ባሕር፣ በምዕራብ ባሕር፣ በሰሜንም በደቡብም ባሕር አልኩት። ጣና ውስጥ ያለ መሬት መስሎት፣ የእኛ ዞን አይደለም ተወው ብሎኝ ሄደ። እኔ ግን ካርታውን ሳየው ቆየሁ። በሥራ ዘመኔ ጎረቤት የሌለው ይዞታ ገጥሞኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰውነቴን ረሳሁት። ከቢሮ ስመለስ ዳቦ ገዝቼ እገባና በሩን ዘግቼ ደሴቴ ላይ እወርዳለሁ። መብራት ሲጠፋ እዚያው ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ ሲመጣ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ጢሜን መላጨት ተውኩ፤ ደሴቱ ላይ ማን ያየኛል። ልብስ የሚያጥበው ሰው እኔ መሆኔን ስለረሳሁ ከጥቁሩ ሹራቤ በቀር ንጹሕ የሚመስል አልቀረኝም፤ ጥቁር እድፍ አያሳይም፣ እሱኑ አዘወተርኩት።

መጀመሪያ ሰሞን ደስ ይል ነበር። የሚጨቃጨቅ የለም፣ የሚምል የለም። ውሎ አድሮ ግን ዝምታው ይከብደኝ ጀመር። በር በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ የሚሻው ሰው ሆነ። የተነጠፈ አልጋ አገኛለሁ፣ የተንጠለጠለ ኮት አገኛለሁ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ አገኛለሁ፤ የለበሰው ሰው የለም። ሳላስበው ድምፄን አውጥቼ መናገር ጀመርኩ። «የት ሄዳችሁ? ምነው አንድ ሰው እንኳ ቢቀር?» እላለሁ። የእትዬ አንጓች መኝታ ቤትና የእኔ ክፍል የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ሳስነጥስ ይማርህ የሚሉኝ ከዚያ ሆነው ነው። ያን ጊዜ ይህ ትዝ አላለኝም።

ኮረብታው አናት ላይ አንድ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ነበር። ከጣሪያው ጭስ ይወጣል። በደሴቱ ሁሉ ጭስ የማየው እዚያ ብቻ ነው። ጭስ ካለ እሳት አለ፣ እሳት ካለ የሚያነደው አለ ብዬ ደመደምኩ። ያ በር ግን ሰሌዳው ጠጠር በጠጠር ነው፤ ብደረድር አይሆን፣ ብበትን አይሆን። ገጠር ወጥቼ መሬት ስለካ እንኳ እሱን ነው የማስበው። አንድ ገበሬ ድንበሬ የቱ ጋ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ ከሰማያዊው በር በስተግራ አልኩት፤ ሰውየው በር ፍለጋ ዙሪያውን አየ።

አንድ ቅዳሜ መሸት ሲል ተገለጠልኝ። ከኮረብታው ወደ ታች ሲያዩ የቤቶቹ አቀማመጥ ራሱ የጠጠሮቹ መልስ ነበር። ደረደርኩ። ቀጭ አለ። ቤቶች አልኩና ገባሁ። ምድጃው ውስጥ እሳት ይነዳል። ሁለት ወንበሮች እሳቱን ከበው ቆመዋል። ሰው የለም። መስኮቱ ደሴቱን ሁሉ ያሳያል፤ የከፈትኳቸው በሮች ሁሉ ክፍት እንደሆኑ ይታያሉ፣ ከአንዱም የሚወጣ የለም። ፍራሼ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ጎልማሳ ሰው፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በጨዋታ አለቀስኩ። ሲበቃኝ ኮምፒውተሩን ሳልዘጋ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት በሬ ሲንኳኳ ብነሳ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጄ ላይ ቆመዋል። ከፊት የቆሙት የእድራችን ዳኛ አያ ልየው ናቸው። እንቅልፉ አልለቀቀኝም፤ እኔ ዘንድ ሽማግሌ በቡድን የሚመጣው በድንበር ነገር ስለሆነ፣ አባቶቼ፣ እሑድ መሬት አልለካም፣ ሰኞ ቢሮ ኑልኝ አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። አሻግሬ ሳይ ግቢው ውስጥ የእድሩ ድንኳን እየተተከለ ነው።

ለቅሶ መሆኑ ገባኝ። የማን እንደሆነ ግን አልገባኝም፤ ለቅሶ ቤት ቆሞ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ከእብድ ያስቆጥራል። በልቤ ሳሰላው፣ ሊበን የሚባል አገር የሚኖሩት የእትዬ አንጓች ወንድም ታመው እንደነበር አስታወስኩ። በቃ እሳቸው ናቸው አልኩ። የእድር አባል ነኝና ሹራቤን አስተካክዬ ወጣሁ፤ የአግዳሚ ወንበሩን አንድ ጫፍ አነሳሁ። አንዱ ሮጦ መጣና ተው አንተ ተቀመጥ ብሎ ቀማኝ። ሌላ አነሳሁ፤ እሱንም ቀሙኝ። የድንኳኑን ካስማ ልመታ መዶሻ ስይዝ ሰዉ ሁሉ ሥራውን አቁሞ እኔን ያያል። አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ይህን ያህል የተወደድኩት መቼ ነው እያልኩ ነው እኔ።

እትዬ አንጓች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከቤታቸው ወጡ። ሄጄ ጉልበታቸው ላይ አጎነበስኩና እግዚአብሔር ያጽናዎት አልኳቸው። አንተን ያጽናህ ልጀ አሉኝ። የለም እርስዎን አልኩ። የለም አንተን አሉ። እንዲህ ስንመላለስ ቆይተን እሳቸው ሲያለቅሱ እኔም አለቀስኩ፤ ከማታው የተረፈ ለቅሶ ስለነበረኝ አልቸገረኝም። ከዚያ ሰዉ ወደ እኔ ክፍል ይገባ ጀመር። ይህም አልገረመኝም፤ በግቢው ሰፊው ክፍል የእኔ ነው፣ ፍራሹም ወለል ላይ ተዘርግቶ ጠብቋቸዋል። ኮምፒውተሩን አልጋው ሥር ገፋ አድርጌ ቦታ ለቀቅኩላቸው። መሐል አስቀመጡኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። በሰው ሞት ደስ አይባልም፤ ግን ከሐምሌ ወዲህ ያ ክፍል ከእኔ በቀር የሰው ትንፋሽ አልገባበትም። አሁን በግራም ሰው በቀኝም ሰው፣ የአንዱ ጋቢ ጉልበቴ ላይ፣ የአንዱ ክንድ ትከሻዬ ላይ። ሳል ይሰማል፣ ጫማ ይሰማል፣ የእዝን ሌማት ከደጅ ይገባል፤ ጾም ነበርና ሽሮ በሽሮ ነው። የእትዬ አንጓችን ወንድም እግዜር ይማራቸው፣ ለቅሷቸው ቤቴን ሞቅ አደረገው ብዬ አሰብኩ።

አልቃሿ ተነሳች። ደረቷን በእጇ እየመታች ዞር አለችና ጀመረች፦

እህቷን ልታይ ብላ ቡሬ ተሻገረች፣
ባሏን ሳትሰናበት ሄዳ እዚያው ቀረች።

የሊበኑ ሰውዬ ባል አልነበራቸውም። ቀጥላ ዝና ብላ በስሟ ጠራቻት።

በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሐዘኑ የራሱ የሆነው ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚሰማው፤ ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፣ ይማከራል፣ ማልዶ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ይነገረዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ የተቀማሁት ወንበር፣ አንተን ያጽናህ የተባልኩት። ዝና ሞታለች፤ እነዚህ ሰዎች ሊያረዱኝ ነው የመጡት። እኔ ደሴት ላይ ጠጠር ስደረድር እሷ ሞታለች። መጨረሻ ያልኳት ነገር እንኳን አደረሰሽ ነው። ከዚያ በፊት ያልኳት ጃንጥላ ያዥ ነው። በሰው ትከሻ ተደግፌ ተነሳሁ።

«መቼ ነው የሞተች?» አልኩ።

አልቃሿ አቆመች። አያ ልየው ቀስ ብለው፣ «አንተ ነህ እንጅ የምታውቅ፣ ልጀ» አሉኝ።

«እኔ አሁን መስማቴ ነው።»

«ከማን?»

«ከእሷ» ብዬ አልቃሿን አሳየሁ። አልቃሿ ደንግጣ፣ እኔ ከእትዬ አንጓች ነው የሰማሁት አለች። ሁሉም ዞሮ እትዬ አንጓችን አየ። አያ ልየው ማን እንደነገራቸው ጠየቋቸው። እትዬ አንጓች መጀመሪያ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ማንስ ቢነግረኝ ምን አለ» አሉ። «ጢሙን አላያችሁም? ጥቁር ለብሶ ከረመ። ፍራሹን ከአልጋ አወረደ። ከግድግዳው ወዲያ ሁኘ ስሰማው የት ሄዳችሁ ይላል፣ አንድ ሰው እንኳ ቢቀር ይላል። ትናንትና ተደፍቶ ሲያለቅስ አመሸ። መንገድ ተዘግቶ ቀብሯ ሳይደርስ ቀርቶ ነው፣ ለመናገር አፍሮ ነው አልሁ። ይህን ሁሉ የሚሆን ሰው ሚስቱ ካልሞተች ምን ሁኖ ነው?»

ጢሙን ያሳደገ፣ ጥቁር የለበሰ፣ መሬት የተቀመጠ ሰው ሐዘንተኛ ነው፤ በእኛ አገር ሌላ ትርጉም የለውም። እኔ ራሴ ያን ሰው ደጅ ባየው ያጽናህ ብዬው ባለፍኩ ነበር።

አያ ልየው በል ደውልላት አሉኝ። ስልኬን ይዤ ቆምኩ። ሞታም ሊሆን ይችላላ። ካላወቅን አናውቅም፤ ከመስቀል ወዲህ ድምፅዋን የሰማ ከመሐላችን የለም። ለምን እንደማልደውል ሲጠይቁኝ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ወራት ሙሉ አፌ ውስጥ ይዤው የከረምኩትን ተናገርኩ።

«ትታኝ ነው የሄደች» አልኩ። «ትመጣለች ያልኳችሁ ውሸት ነው። እንዳልደውል ደግሞ ምን እንደምላት አላውቅም።»

ማንም አልሳቀም። አያ ልየው ራሳቸውን ነቀነቁና ስልኩን አሳዩኝ። ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ደግሜ ደወልኩ፤ የለም። ድንኳኑ ውስጥ ያሉትም ነገሩን ሰምተው በሩን ሞሉት። እትዬ አንጓች፣ ታዲያ የት ሄዳችሁ የምትለው ማንን ነው አሉኝ። ኮምፒውተሩን ከአልጋው ሥር ሳብኩና አሳየኋቸው። መብራት ነበር። ሰማያዊው በር ክፍት እንደሆነ ነው፤ እሳቱ ይነዳል፣ ሁለቱ ወንበሮች ባዶ ናቸው።

አያ ልየው መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ። የማን አገር ነው አሉኝ። የማንም አልኩ። ሰዉ አልቆ ነው ወይ አሉኝ። መጀመሪያም አልነበረም አልኳቸው። ታዲያ ጎመኑን ማን ተከለው አሉ። እሱን እኔም ስፈልግ የከረምኩት ነው።

«ይህን ሁሉ አገር ብቻህን ስትዞር ከረምህ?» አሉኝ እትዬ አንጓች። አዎ አልኩ። ደሴቱን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ስልኩን ከእጄ ወስደው፣ ማንበብ ስለማይችሉ አልቃሿን ይህን ነገር ምቺው አሏት። አልቃሿ መታችው። ጠራ።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጥሪ ሰምቼ አላውቅም። ይጠራል፣ ያቋርጣል፣ ይጠራል። ደጅ ያሉት ሽማግሌዎች ቆባቸውን አወለቁ።

«አቤት» አለች ዝና።

አያ ልየው ስልኩን ከአልቃሿ ተቀበሉና፣ ዝና ነሽ ወይ፣ በሕይወት አለሽ ወይ ብለው በወግ ጠየቁ። ምን እንደመለሰች አልሰማሁም፤ እሳቸው ግን ተመስገን ብለው ቁጭ አሉ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። የተነገረው ሁሉ አልበቃቸውም፤ ሁሉም የሟቿን ድምፅ በራሱ ጆሮ መስማት ፈለገ። እህቷን ጠየቁላት፣ ሕፃኑን ጠየቁላት፣ የቡሬን ገበያ ጠየቁ። እኔ ከኋላ ቆሜ ተራዬን እጠብቃለሁ። እትዬ አንጓች ነገሩን ሁሉ ከጢሜ ጀምረው ተረኩላት፤ ፍራሹን ነገሯት፣ ጥቁሩን ሹራብ ነገሯት፣ ደሴቱንም እንደገባቸው ነገሯት። አልቃሿ ይቅርታ ስትጠይቃት፣ ዝና ምን ብለሽ አለቀስሽልኝ አለቻት። አልቃሿ እያፈረች ሁለቱን ስንኝ ደገመችላት። ቆይታ፣ እውነት ብለሻል አለች አሉ።

በመጨረሻ ስልኩ እኔ ዘንድ ደረሰ። ሰዉ እንደማይሰማ ሆኖ ፊቱን አዞረ፤ አንዱም ግን አልወጣም።

«ሞተች ሲሉህ ምን አልህ?» አለችኝ።

«መቼ ነው የሞተች አልኩ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አልወጣኝም።»

ትንፋሿን ሰማሁ። እንደ መስቀሉ ጊዜ ካርዱ እንዳያልቅ ብዬ የሆነ ነገር ልናገር ፈለግኩ። የመጣልኝ፣ መሬት የተቀመጥኩት የኮምፒውተሩ ገመድ አጭር ሆኖ ነው የሚል ነው። እሱን ነገርኳት። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ትመጫለሽ ወይ ብዬ ለመጠየቅ አፌን ከፈትኩና መልሱን ፈርቼ ዘጋሁት።

«እዝን መጥቷል?» አለችኝ።

«መጥቷል።»

«በላህ?»

«አልበላሁም።»

«ቁጭ በልና ብላ እንግዲህ» አለች። «በእኔ ስም የመጣ ነው።»

እትዬ አንጓች ሌማቱን ከፈቱልኝ። ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ፤ ስልኩን ከሌማቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። አያ ልየው እጄን አስታጠቡኝ፤ ሰዉ ሁሉ ቆሞ እያየኝ መጉረስ ጀመርኩ። በልቼ እስክጨርስ ድረስ ዝና ስልኩን አልዘጋችም።